በትራሙ ላይ ማን ከፈለ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድና የከሰል ጭስ ብቻ ነው። ሦስተኛው የበሽታ ማዕበል ከብርዱ ጋር አብሮ ገባ። ሆስፒታሎች ሞሉ። ኦክስጅን ጠፋ። ቀባሪ በር ላይ እየተቆጠረ ይገባ ጀመር፤ የቀረው ሰው ለቅሶውን በስልክ ደረሰ። የገበያው ሰፈር ጄፔ ላይ ግማሹ ሱቅ መዝጊያውን ሳያነሳ ይውላል። ፎርድስበርግ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ተዘጋ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው መጀመሪያ መጨባበጥ ተወ፤ በክርን መነካካት ጀመረ፤ ኋላ እሱንም ተወው።

በዚያ ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፌቨን ትንሽ ቶዮታ የኬንሲንግተንን ዳገት እያቃሰተች ትወጣ ነበር። አቶ ገብረሥላሴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከፊት እንዳይቀመጡ የከለከለቻቸው ፌቨን ናት። የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስለሆነ በሽታውን እንዳታጋባባቸው ትፈራለች። መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሽማግሌው ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መንገዱን ያያሉ።

«አባባ፣ ጉግል ላይ እኮ አለ» አለች ፌቨን በመስታወቱ እያየቻቸው። የወንድማቸው ልጅ ናት።

«ምን ይላል ጉግልሽ?»

«አንዱ ጋ ከፈለ ይላል፣ ሌላው ጋ አልከፈለም ይላል።»

«ታዲያ ምኑን አለ? እኔ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የምፈልገው። ደግሞ ‹ከፈለ› አይባልም። ንጉሥ ናቸው። ‹ከፈሉ› በይ።»

«ኦኬ፣ ከፈሉ።»

«እሱ ነው ያጣላን» አሉ አቶ ገብረሥላሴ፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ።

ያጣላቸው ከአቢሶ ጋር ነው። አቢሶ የሲዳማ ሰው ነው፤ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ጴንጤ ነው። አቶ ገብረሥላሴ የጎንደር ሰው፣ ኦርቶዶክስ፣ የድሮው ባሕር ኃይል መርከበኛ ናቸው። እነዚህን ሁለት ሰዎች በዚህ ከተማ ያገናኛቸው ዘመድም እምነትም አይደለም። ያገናኛቸው የኖርዌይ ንጉሥ ነው።

ነገሩ ለሰሚው ይገርማል፣ ግን እንዲህ ነው። አቶ ገብረሥላሴን ምጽዋ ላይ ገመድ ማሰርና ሸራ መወጠር ያስተማሯቸው የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። ንጉሥ ኦላቭ ጃንሆይን ሊጎበኙ የመጡ ጊዜ፣ ወጣቱ ገብረሥላሴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሰላምታ ለመስጠት ከተሰለፉት አንዱ ነበር። አቢሶ ደግሞ ያደገው የኖርዌይ ሚስዮኖች ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ የንጉሡ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ የፊደል ገበታው ከሱ በታች ነበር።

ስለዚህ በየሰኞው አቢሶ ለሱቁ ዕቃ ሊያወጣ ፎርድስበርግ ሲመጣ፣ ሁለቱ ምግብ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዘው የንጉሡን ሕይወት ያወሩ ነበር። የባሕሩ ወሬ የአቶ ገብረሥላሴ ነው፤ ንጉሡ አልጋ ወራሽ ሳሉ በጀልባ እሽቅድምድም ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ማግኘታቸው፣ መሪ ጨብጠው ማርጀታቸው። የበረዶው ወሬ የአቢሶ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተወልደው፣ የዴንማርክ ልጅ ሆነው፣ በአባታቸው ክንድ ታቅፈው ኖርዌይ መግባታቸው፣ ስማቸው ተቀይሮ ኦላቭ መባላቸው፣ አልጋ ወራሽ ሆነው ሳሉ ከበረዶ ተራራ ላይ በስኪ መዝለላቸው። የጀርመኖች ወረራና የእንግሊዝ አገር ስደት የሁለቱም ነበር። ስደት ሲነሳ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ሰኞ አቢሶ አዲስ ነገር አመጣ። ልጅ ሳለ ሲስተር ራንዲ የምትባል የሚስዮን ነርስ የነገረችው ነው። ዐረቦች ነዳጅ የከለከሉ ጊዜ በኖርዌይ ቅዳሜና እሑድ መኪና መንዳት ተከለከለ። ንጉሡ ግን ስኪያቸውን ተሸክመው እንደ ማንም ሰው ትራም ተሳፈሩ።

«ተሳፈሩ» አለ አቢሶ፣ «ተቀመጡ፣ ከፈሉ።»

«እነማን?» አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

«እነማን ምን?»

«የከፈሉት እነማን ናቸው? አጃቢዎቹ ናቸው?»

«ኧረ ንጉሡ! ንጉሡ ራሳቸው!»

«ንጉሥ ኪስ የለውም።»

«ጋሼ፣ ሲስተር ‹ከፈሉ› ብላ ነው የነገረችን። ቃሏ ይኸው ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

«‹ከፈሉ› ካለች አጃቢዎቹ ናቸዋ።»

እዚህ ላይ ተጣበቁ። አማርኛ አንድ የተከበረ ሰው ሲከፍልም «ከፈሉ» ይላል፤ ብዙ ሰው ሲከፍልም «ከፈሉ» ይላል። ተመጋቢው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ለሁለት ተከፈለ። አዲስ አበቤዎቹ ከአቶ ገብረሥላሴ ጋር ሆኑ፣ የደቡብ ልጆች ከአቢሶ ጋር። ሳቅ ነበር መጀመሪያ። ኋላ አቶ ገብረሥላሴ ተቆጡና «ንጉሥ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ንጉሥ አያውራ!» አሉ። አቢሶ ፊቱ ጠቆረ። «እርስዎስ አጎንብሰው ጫማቸውን አይደል እንዴ ያዩት?» አለ። ከዚያ ውርርዱ መጣ፤ የተሳሳተው ሰው አንድ ቀን እውነቱ ሲታወቅ በሰው ፊት ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ ራሱን ገልጦ «ተሸንፌያለሁ» ይላል። እጅ ለእጅ ተመታተው ተወራረዱ።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ አቢሶ ምግብ ቤቱን አልረገጠም። ዓመታት አለፉ። አቶ ገብረሥላሴ በየሰኞው ጥጉ ላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ወንበሩን ለሌላ ሰው አይሰጡም፤ ስለ አቢሶም አይጠይቁም።

በዚህ ክረምት ሁለት ወሬ ባንድ ሳምንት ሰሙ። አንደኛው፣ አቢሶ በበሽታው ወድቆ ሆስፒታል ከርሟል፤ አልጋ ስለጠበበ ከነኦክስጅን መሣሪያው ወደ ቤቱ ልከውታል። ይትረፍ አይትረፍ አይታወቅም። ሁለተኛው የፌቨን ነው፤ የምትሠራበት መጦሪያ ቤት «አማርኛ የምታወራ ፈረንጅ አሮጊት» ገብታለች፤ ስሟ ራንዲ ነው።

አቶ ገብረሥላሴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አቢሶ ከሞተ ማን ልክ እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል። ኩርፊያውም እንደተኮረፈ ይቀበራል። ባዶ እጃቸውን ደግሞ ሄደው ደጁ ላይ መቆም አልቻሉም። «ምን ብዬ?» ይላሉ ለራሳቸው። እውነቱን ይዘው መሄድ አለባቸው።

ያን ቅዳሜ መጦሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ግንባራቸው ላይ ሙቀት መለኪያ ደገነ። እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር አፈሰሰ። ባርኔጣቸውን አስወለቀ፣ አስደፋ፣ እንደገና አስወለቀ። መግባት ክልክል ነው። ጎብኚ ከግቢው ሆኖ በተዘጋ መስኮት ነው የሚያወራው፣ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። አቶ ገብረሥላሴ ማስካቸውን ሲያደርጉ መነጽራቸው በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። ማስኩን ዝቅ ሲያደርጉ ዘበኛው ይጮኻል። ከፍ ሲያደርጉ አያዩም።

ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ቀጭን ነጭ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነው። ፌቨን ከመስታወቱ ወዲያ ላለችው ነርስ ደውላ የስልኳን ድምፅ ከፍ አደረገችው፤ በሁለቱ ስልኮች ሊነጋገሩ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሲስተር» አሉ አቶ ገብረሥላሴ፣ ጎንበስ ብለው።

«ደህና ነህ? አንተ ማን ነህ?» አሉ ሲስተር ራንዲ። አማርኛቸው ጥርት ያለ የገጠር አማርኛ ነው። «ሲዳማ ነህ?»

አቶ ገብረሥላሴ ደነገጡ። «አንተ» ካላቸው ሰው ከተለዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ጎንደር ነኝ፣ እመቤቴ። የመጣሁት...»

«ጎንደር ሩቅ ነው! በእግርህ መጣህ?»

ፌቨን ፊቷን አዙራ ሳቀች። «አባባ፣ ቶሎ ይጠይቋቸው፣ ፕሊስ። ታይም የለንም።»

«ስለ ንጉሡ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ገብረሥላሴ። «ስለ ንጉሥ ኦላቭ!»

የአሮጊቷ ፊት በራ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ከየትም ከየትም እያነሱ ያወራሉ። «ኦላቭ ጥሩ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞተች፣ ከዚያ ነገሠ። ብቻውን ነገሠ። ውሻ ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ ከአባቱ ጋር ጫካ ለጫካ ሮጠ። ከዚያ ሰላም ሆነ፣ እሱ መጀመሪያ ተመለሰ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ባንዲራ ይዤ አየሁት። ሲሞት ደግሞ ሰዉ ሁሉ ሻማ አመጣ፣ በረዶው ላይ አበራ። እኔ ያን ጊዜ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ነበርኩ። ብቻዬን ሻማ አበራሁ፣ ሙቀት ነበር፣ ሻማው ቀለጠ።»

እያንዳንዱ «ነገሠ»፣ «ሮጠ»፣ «ሞተ» አቶ ገብረሥላሴን እንደ እሾህ ይወጋቸዋል። ንጉሥን እንደ ጎረቤት ልጅ! ግን ማረም አይቻልም። ዘበኛው ሰዓቱን ያያል።

«ትራሙ!» አሉ። «ትራሙን ይንገሩኝ!»

«ምን?»

«ትራም! በረዶ! ስኪ!»

«አዎ! ትራም! ለዕረፍት አገሬ ሄጄ ነበር። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ንጉሡ ገባ። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ስኪውን ያዘ፣ ተቀመጠ። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ። ትኬት ቆራጩ መጣ። ንጉሡ ገንዘብ አወጣ፣ እጁን ዘረጋ። እንዲህ።» አጥንት ብቻ የቀረ እጃቸውን መስታወቱ ላይ ዘረጉ።

አቶ ገብረሥላሴ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ከፈሉ።»

«ማን?»

«ምን?»

«ማን ነው የከፈለው?»

«ከፈሉ!» አሉ ሲስተር ራንዲ ደስ ብሏቸው፣ ድምፃቸውን እንደ አስተማሪ ከፍ አድርገው። «ከፈሉ! ከፈሉ!»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። የውስጡ ስልክ ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ ጠፋ። አሮጊቷ ከመስታወቱ ወዲያ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ፣ ድምፅ የለም። ነርሷ ወንበሩን ገፋችው። ሲስተር ራንዲ እጃቸውን እያውለበለቡ ወደ ጨለማው ኮሪደር ገቡ።

አቶ ገብረሥላሴ መስኮቱን በመዳፋቸው መቱት። ዘበኛው «ማዳላ፣ በቃ፣ በቃ» አላቸው፤ «ሽማግሌው» ማለቱ ነው።

መኪናዋ ከከተማው ወጥታ የድሮውን የማዕድን አፈር ክምር እያለፈች ወደ ቶኮዛ አቀናች። ክምሩ ላይ ነፋሱ ቢጫ አቧራ ያስነሳል። ፌቨን በመስታወቱ አየቻቸውና፣

«ሶሪ፣ አባባ» አለች። «ያው እኮ ነው ያሉት። እዚያው ነን።»

«ይህን ሁሉ መጥቼ! ይህን ሁሉ ‹አንተ› ተብዬ! አንዲት ቃል ነው የጠየቅኩት። አንዲት!» ማስኩን ከጆሯቸው መንጭቀው ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «ያችኑ ቃል መልሰው ሰጡኝ። ሴትዮዋ ደግሞ ምን ዓይነት አማርኛ ነው ያስተማሯቸው? ንጉሥ ‹ገባ› ይባላል? ‹ተቀመጠ› ይባላል? ለንጉሥ ‹ገንዘብ አወጣ›...»

አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ።

«ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«አቁሚ።»

«ሃይዌይ ላይ ነን እኮ!»

«እሺ፣ ሂጂ። ሂጂ፣ ግን ስሚኝ። ሴትዮዋ አንቱታ አያውቁም። ለእኔም አንተ፣ ለንጉሥም እሱ። ገባ አሉ፣ ተቀመጠ አሉ፣ አወጣ አሉ፣ ዘረጋ አሉ። ንጉሡ ቢከፍሉ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?»

ፌቨን መሪውን እንደጨበጠች አሰበች። «ከፈለ።»

«ከፈለ ይሉ ነበር። ‹ከፈሉ› ነው ያሉት። ስለዚህ ሌሎች ናቸው። አጃቢዎቹ።»

«አባባ! አሸነፉ በቃ! ዩ ወን!»

አቶ ገብረሥላሴ ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስበውት ነበር። አቢሶ ከወንበሩ ሲነሳ፣ ኮፍያውን ሲያወልቅ፣ ተመጋቢው ሲያጨበጭብ። አሁን መጣ። መጣና እዚህ መኪና ውስጥ ባዶ ሆኖ ተቀመጠ። ዓይናቸው ላይ የሚመላለሰው ሌላ ነገር ነው፤ መስታወቱ ላይ የተዘረጋው እጅ። ያን ጊዜ በሰልፉ ላይ እንደተባሉት ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ነበር። አቢሶ አልተሳሳተም፤ ያዩት ጫማ ነው። የንጉሡን እጅ አላዩም። ያን እጅ ለሰው ልጅ የዘረጋ ንጉሥ እንዳለ የነገራቸው አቢሶ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በሰው ፊት አዋረዱት።

«ደስ አላለዎትም?» አለች ፌቨን።

«መንገዱን እይ።»

አስፋልቱ ላይ ፖሊሶች አስቆሟቸው። ወዴት ነው፣ ለምን ነው፣ ማስኩ የት አለ። አቶ ገብረሥላሴ ማስካቸውን ከጉልበታቸው አንስተው አጠለቁ፤ ፖሊሱ መኪናዋን ዞሮ አየና ለቀቃቸው። ቶኮዛ ሲገቡ ጎዳናው ላይ የከሰል ጭስ ተኝቷል። የአቢሶ ሱቅ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ ዕቃ በፍርግርጉ ቀዳዳ የሚወጣበት። ጄኔሬተር ጓሮ ያጉረመርማል። ዳቦ፣ ፓራፊንና የስልክ ካርድ የሚገዙ ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል።

የአቢሶ ሚስት ማርያም በፍርግርጉ አየቻቸውና እጇ አፏ ላይ ቀረ። «ጋሼ ገብረሥላሴ! እርስዎ ነዎት?»

«እንዴት ነው?»

«ትንፋሹ ነው። ማታ ማታ ይብሳል። ውስጥ ማስገባት አልችልም፣ ሐኪሞቹ ከልክለዋል።»

«አልገባም። ከዚህ ያየኛል?»

ከሱቁ ጀርባ ያለውን በር ከፈተችው። አቢሶ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከአፍንጫው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወጥቶ መሬት ላይ ካለው መሣሪያ ጋር ተያይዟል። ያ ግዙፍ ሰው ከስቷል፤ ሹራቡ ሰፍቶታል። በሱቁ መደርደሪያዎች መሃል፣ በፍርግርጉ በኩል፣ ሁለቱ ተያዩ።

«ጋሼ» አለ አቢሶ። «ሰኞ ነው እንዴ ዛሬ?»

«ቅዳሜ ነው፣ አንተ ሰነፍ። ሲስተር ራንዲን አገኘኋት።»

አቢሶ ከትራሱ ቀና አለ። «በሕይወት አለች?»

«እዚሁ ከተማ ነች። ትራሙ ውስጥ ነበረች። በዓይኗ አይታለች።»

አቢሶ ብዙ አየር ሳበ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ወረደ፤ ሽንፈት የለመደ ሰው ሌላ ሲመጣበት የሚያሳየው ዓይነት። ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገፋ። ሊነሳ ነው። «ማርያም፣ ደግፊኝ» አለ። «ጋሼ የመጡት ለዚህ ነው።»

«ተቀመጥ!» ብለው ጮኹ አቶ ገብረሥላሴ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። «ምን አለች ብለህ መጀመሪያ አትጠይቅም?»

«ምን አለች?»

«‹ንጉሡ ገንዘብ አወጣ፣ እጁን ዘረጋ› አለች።»

«ከዚያስ?»

ፌቨን አጎቷን ከጎን አየቻቸው።

«ከዚያ ምን አለ?» አሉ አቶ ገብረሥላሴ። «እጁን ከዘረጋ ከፍሏል። የትኬት ቆራጩ ነገር የትኬት ቆራጩ ነው። ንጉሡ ከፈለ።»

አቢሶ ትኩር ብሎ አያቸው። «‹ከፈለ› አሉ?»

«ከፈለ።»

«ንጉሡን?»

«ንጉሡን። ሌላ ሰው እንዳይመስልህ ብዬ ነው።»

አቢሶ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ማርያም ጀርባውን ደገፈችው። አቶ ገብረሥላሴ ዞር ዞር ብለው ፈለጉና ከግድግዳው ሥር የለስላሳ ሣጥን ስበው ተቀመጡበት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ፌቨን በሹክሹክታ።

«ከተቀመጠበት ተነስቶ ነው የተባለው። ለመነሳት መቀመጥ አለብኝ።»

ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ቀጥ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብርዱ ራሰ በራቸው ላይ ወረደ።

«ተሸንፌያለሁ» አሉ።

ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል። አቢሶ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። «አልሰማሁም!»

«ሰምተሃል!»

«ኧረ ሞተሩ ነው ጋሼ፣ እግዜርን!»

በሰልፉ መጨረሻ ያለች ዳቦ የያዘች ሴትዮ ጎረቤቷን በእንግሊዝኛ «ማዳላው ምን ነካው?» ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ትከሻዋን ነቀነቀች።

አቶ ገብረሥላሴ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። ምጽዋ ላይ በማዕበል ከመርከብ ወደ መርከብ ይጮኹ በነበረበት ድምፅ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ፣

«ተሸንፌያለሁ! በሰው ፊት ያዋረድኩህም እኔ ነኝ! ተሸንፌያለሁ!» አሉ።

አቢሶ አልሳቀም። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋ፣ አንድ ነገር እንደሚቀበል ሰው።

«ደርሶኛል» አለ።

ከዚያ ወደ ማርያም ዞረ።

«ለጋሼ ወንበር አውጪላቸው። ሣጥን ላይ አይቀመጡም።»